ሁለቱ ግማሽ ጣሳዎች

ዓመቱ ክፉ ነበር። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ የመሮጫ ሜዳውን ጭቃ አደረገው። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ሥጋውን በሳምንት አንድ ቀን አደረገ፤ እንቁላሉን ጭራሽ አስቀረው። ሦስት ሯጮች ጅማታቸው ተጎዳ። መሰናክል ዘላይዋ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቤቷ ሄደች። የቀሩት ከስተው አጥንታቸው ወጣ። ያኔ ነው ልጆቹ ተዋጥተው የፕሮቲን ዱቄት መግዛት የጀመሩት።

ዱቄቱ የሚቀመጠው በስፖርት ዕቃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ነበር። ክፍሉን የሚጠብቀው ሰው ዕድሜውን ቁልፍ በወገቡ አንጠልጥሎ ስለኖረ ልጆቹ “አባባ ቁልፍ” ይሉታል።

ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መጀመሪያ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ቀጥሎ እግራቸው ይታያል፣ ፊታቸው መጨረሻ ይመጣል። አባባ ቁልፍ በመስኮቱ ሲያያቸው አንዳንዴ ራሱን ከመሃላቸው ያገኘዋል፤ ሃያ ዓመት ሞልቶት፣ ቀልሎ፣ መሬት ሳይነካ።

“አባባ፣ ማንኪያዋን ያቀብሉኝ፤” ትለዋለች ሽው። የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ናት። ሽው ብላ ስለምታልፍ ነው ስሙ የወጣላት።

“ልሙጥ ማንኪያ ብቻ። ትናንት ቆልለሽ ነው የወሰድሽው።”

“ከስቼ ልጥፋ እንዴ?”

“ዱቄት የሚያስሮጥ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ዱቄት የሚደፋበት ይኼ ጠረጴዛ አራት እግር ይዞ እዚህ ምን ይጎልተዋል?”

አባባ ቁልፍ ግማሽ ነገር አይወድም። ቁራጭ ሳሙና ካየ ከቁራጭ ሳሙና ጋር ያጣብቃል፤ ከሁለት አሮጌ መረብ አንድ ደህና መረብ ይሰፋል። አንድ ቀን መደርደሪያውን ሲያስተካክል ግማሽ ላይ የደረሱ ሁለት ጣሳዎች አገኘ። ሁለቱም ነጭ ዱቄት፣ ሁለቱም ቫኒላ የሚሸቱ። አንዱን በአንዱ ላይ ገለበጠው። ዱቄቱ ተነሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተንሳፈፈ፤ ክፍሉና ጭጋጋሙ ሜዳ ለአፍታ አንድ መሰሉ። ባዶውን ጣሳ አጥቦ ከመሮጫ ጫማ ሥር የሚገጠሙ የብረት ጥርሶች ማስቀመጫ አደረገው።

በሦስተኛው ሳምንት ሽው ውድድር አሸነፈች። ሽንቷ ተመረመረ። የተከለከለ አበረታች ተገኘባት።

የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ኮሚቴ ጣቱን የቀሰረው በሯጮቹ አሰልጣኝ ላይ ነበር። “ድሮም በዚሁ የታወቀ ነው፤” ተባለ። ከእንግዲህ በሕይወቱ ሯጭ እንዳያሠለጥን ሊታገድ ነው።

የዚያን የድሮ ነገር እውነት ከአሰልጣኙ ሌላ የሚያውቀው አባባ ቁልፍ ብቻ ነው። ያኔ ሁለቱ በአንድ ክፍል የሚያድሩ ተማሪ ሯጮች ነበሩ። በፍተሻ አልጋ ሥር የተከለከለ አበረታች እንክብል ተገኘ። እንክብሉ የአባባ ቁልፍ ነበር። አባቱን ከቀበረ ሳምንቱ ነው፤ አፉ ተሳሰረ። ጓደኛው “የኔ ነው” አለ። ሁለት ዓመት ታገደ፤ ሲመለስ እግሩ የድሮው እግር አልሆነም። ነገሩን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሡትም።

የኮሚቴው ስብሰባ በሚደረግበት ጠዋት አባባ ቁልፍ ለአንዱ ልጅ የጫማ ጥርስ ሊያወጣ ጣሳውን አነሣ። በጎኑ የተጻፈው ደቃቅ ነው። መነጽሩን አደረገ። ፕሮቲን አይደለም፤ ማነቃቂያ ነው። ከሥሩ በእስክሪብቶ የመሰናክል ዘላይዋ ቅጽል ስም አለ። ትምህርቷን ስታቋርጥ ትታው የሄደችው ነበር።

ሽው የጠጣችው ይህንን ነው፤ የቀላቀለውም እሱ ራሱ ነው። ጣሳውን ከቆሻሻ ጋር ቢያቃጥለው ያየ የለም።

ጣሳውን በብብቱ ይዞ ወጣ። ጭጋጉ ሜዳውን ውጦታል። ሲራመድ ጥርሶቹ ጣሳው ውስጥ ይንኳኳሉ፤ ከጎኑ ሌላ ሰው በጥርስ ጫማ የሚሮጥ እየመሰለው ሁለት ጊዜ ዞር አለ።

አሰልጣኙ ከስብሰባው ክፍል በር ላይ ቆሟል። ጣሳውን አየ፣ ፊቱን አየ፣ ገባው።

“ተመለስ። ለጡረታህ ሦስት ዓመት ነው የቀረህ።”

“ዞር በልልኝ።”

“አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?”

“ያኔ አንተ ቀደምከኝ። ዛሬ አትቀድመኝም።”

ገብቶ ጣሳውን ከኮሚቴው ፊት አስቀመጠ። “የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሳላነብ። የተረፈው ዱቄት መደርደሪያው ላይ አለ፤ አስመርምሩት።” ተከትሎት ወደ ገባው አሰልጣኝ እያመለከተም፣ “ሌላም አለ። የድሮው እንክብል የሱ አልነበረም። የኔ ነበር፤” አለ።

የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ቆመ። ሰብሳቢው ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። “ይጻፍ፤” አለ በመጨረሻ። “የድሮውም ይታረም። የልጅቷም ጉዳይ እንደገና ይታያል። ዕቃ ክፍሉ ግን ለሌላ ሰው ይሰጥ።”

አባባ ቁልፍ ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

ውጭ ጭጋጉ እንዳለ ነው። ጎን ለጎን ሜዳውን ያዙ።

“አርባ ዓመት አስጠበቅከኝ፤” አለ አሰልጣኙ።

“ሠላሳ ዘጠኝ።”

አሰልጣኙ ሳቀ። ቁልፍ የሌለበት ወገብ እንዴት ይቀላል! መቼ እንደጀመሩት ሳያውቁት እርምጃቸው ሶምሶማ ሆኗል።

“ስንት ዙር?” አለ አባባ ቁልፍ።

“አንድ ይበቃናል።”