ወይዘሮ ዛሬም እምቢ አለች

ላሚቱን "ወይዘሮ" ያሏት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሌሎቹ ላሞች የማለቢያው ማሽን ሲገጠምላቸው ዓይናቸውን ከደን አድርገው ያመሰኳሉ። እሷ ግን ማሽኑን ከሩቅ ስታይ ገና እግሯን ታነሣለች። በእጅ ካልሆነ አትታለብም፣ እጁም የእማማ እጅ ካልሆነ ወተቷን አታወርድም። እማማ የቤቱ እመቤት ናቸው። ጠዋትና ማታ እጃቸውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው፣ በርጩማቸውን ስበው፣ ግንባራቸውን ጎኗ ላይ ደገፍ አድርገው ያልቧታል። ሲያልቡ ታዲያ ማባበል ብሎ ነገር አያውቁም። "አንቺ ቀብራራ! ማን መሰልሽ? ማን ነኝ ብለሽ ነው?" እያሉ ይሰድቧታል። ላሚቱም ስድቡን እንደ ሙገሳ ቆጥራ ወተቷን ታንዠቀዥቀዋለች።

ክረምቱ በገባ ሰሞን እማማ እዚያው በረት ውስጥ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ፣ "ደክሟል። ከአልጋ እንዳይነሡ፣ ብርድም እንዳያገኛቸው" ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ሄደ። የቤቱ ሥራ ተመሰቃቀለ። ልጃቸው ማሽኑንና ወተት ማመላለሱን ያዘ፣ ባላቸው አባባ ደግሞ ጥጆቹንና መኖውን። ወይዘሮን የምታልብ አንዲት ሰው ብቻ ቀረች፤ እሷም ምራቲቱ ነበረች።

ምራቲቱ ከከተማ የመጣች ልብስ ሰፊ ነች። ይህን ቤት ከተቀላቀለች ዓመት አልሞላትም፤ እስካሁንም የሚሆንላት ሥራ አልተገኘም። ጥጃ ስታስር ይፈታባታል፤ ጭቃ ውስጥ ስትሄድ ቦት ጫማዋ ተሰንቅሮ ይቀርና እግሯ ብቻውን ይቀጥላል። እማማ ክፉ ሴት አይደሉም፣ ምላሳቸው ግን አያርፍም። "ልጄ ምነው የስፌት መኪናዋን ብቻ ባገባ ኖሮ! እሷስ ትሠራለች" ይላሉ። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፣ ምራቲቱም አብራ ትስቃለች። ለብቻዋ ስትሆን ግን ነገሩ ያንገበግባታል። አንድ ቀን ብቻ፣ በአንድ ነገር ብቻ፣ እማማ "ይህንንስ ትችልበታለች" ቢሏት ሌላ ምንም አልፈልግም ትል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ አልቀመስ አለቻት። ባልዲውን በእርግጫ ብላ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። በጭራዋ ፊቷን ገረፈቻት። ምራቲቱ ለመነች፣ አቆላመጠች፣ አልሆነም። አንድ ጠዋት ግን ከላይ ዝናቡ፣ ከታች እበቱ፣ በዚያ ላይ የባሏ የረጠበ ካልሲ ሽታ ተደራርቦ አንገፈገፋትና፣ ሰው እንደሌለ አይታ የሆዷን ሁሉ ላሚቱ ላይ ዘረገፈችው። ይህን ጭቃ፣ ይህን ብርድ፣ ይህን ቤት፣ ማንንም ሳታስቀር ረገመች። ወይዘሮ ጆሮዋን አቆመች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ወተቷንም ለቀቀችው። በመርፌ የሠለጠኑት ጣቶች አንዴ መንገዱን ካገኙ በኋላ አልደከማቸውም። ባልዲው እስከ አፉ አረፋ ሆነ።

ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ዝናቡን ከምንም ሳትቆጥር፣ ግቢውን አቋርጣ ወደ እማማ ክፍል ገሰገሰች። አባባ ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

አባባን መንደሩ የሚያውቃቸው "ሬዲዮ" በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። ከነጋ እስኪመሽ አያቋርጡም፤ የሚሰማቸው ቢጠፋ ለጥጆቹም ያወራሉ። ወሬ ያጋንናሉ እንጂ ዋሽተው አያውቁም ይባል ነበር።

"ወዴት ነሽ?"

"ለእማማ ላሳያቸው! አባባ፣ አወረደችልኝ እኮ! ይዩት፣ ሙሉ ባልዲ!"

አባባ ባልዲውን አዩ። ፊታቸው አልፈካም። የእማማን በር በዓይናቸው ጠቆም አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ አይታቸው አታውቅም።

"ተይ ልጄ። ትናንት 'ወይዘሮ እምቢ አለች፣ ያላንቺ አልታለብም ብላለች' ስላት ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ተነሥታ ተቀመጠች። ሾርባዋን ጨርሳ ጠጣች። 'ድሮስ ከእኔ ሌላ ማን ያውቅባታል? ቆይ፣ እግሬ ይጥና' አለች። ከወደቀች ወዲህ 'ቆይ' ስትል የሰማኋት ገና ትናንት ነው።"

"እና አባባ?"

"እናማ፣ ዛሬም እምቢ ብላለች።"

ምራቲቱ ባልዲው ከበዳት። በዚህ ቤት የሆነላት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነበር፤ እሱንም ደብቂ ተባለች። እንባዋ መጣ። የእማማ ሳል ከበሩ ወዲያ ሲሰማት ግን አፏን ያዘች።

"እሺ አባባ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ኑሮው በዚሁ ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት ወይዘሮ ሙሉ ባልዲ ትሰጣለች፣ ወተቱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። የወይዘሮ ነው ተብሎ ለእማማ የሚቀርበው ኩባያ ግን ከሥሩ ጥቂት ወተት ብቻ ጠብ የተደረገበት ነው። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዜናውን ያነባሉ፤ "ወይዘሮ ዛሬም እምቢ አለች። በሩን በሩን እያየች ነው የዋለችው።" እማማ ኩባያውን ያዩና ፈገግታቸውን ለመደበቅ ይቆጣሉ። ሁለቱ አዛውንቶች እንዲያ ሲሆኑ ማየት ደስ ይላል፤ ምራቲቱም ደስ ይላት ነበር፣ በሩ ሥር ቆማ ስድቧን ስትቀበልም ቢሆን።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ" አሏት አንድ ከሰዓት በኋላ። "እጅሽን አምጪ።"

እጇን ሰጠቻቸው። እማማ አውራ ጣቷን በመዳፋቸው ያዙና ከላይ ጀምረው ወደ ታች፣ አንድ በአንድ ጣታቸውን እያጠፉ ጨመቁት። "እንዲህ ነው። መጎተት የለም። ከላይ ትዘጊያለሽ፣ ከዚያ ወደ ታች ታስኬጂዋለሽ። ጡቱ ያንቺ ጨርቅ አይደለም። ገባሽ?" መዳፋቸው እንደ ወረቀት ሳስቷል። ግን ልክ ነበር። በማግስቱ እንደዚያ ስትሞክረው ወይዘሮ ከወትሮው በላይ ሰጠቻት።

"ዛሬስ?" አሉ እማማ በጉጉት፤ ማስተማራቸው ፍሬ ሲያፈራ ለማየት።

ምራቲቱ ባዶውን ኩባያ አሳየቻቸው።

"አንቺስ ድንጋይ ነሽ!" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ምራቲቱ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ባሏ ደርሶባት "ምን ሆነሻል?" ሲላት፣ "ጎበዝ ሆኜ" አለችው። እሱም ግራ ገብቶት ራሱን እያከከ ወጣ።

የአባባ ችግራቸው ልክ አለማወቃቸው ነው። መጀመሪያ ወይዘሮ እምቢ አለች። ቀጥሎ መኖ አልቀምስ አለች። ዝናቡ እየከፋ፣ እማማም ዝም እያሉ ሲሄዱ፣ አባባ የቀድሞዋን ፈገግታ ፍለጋ ዜናውን ከቀን ወደ ቀን ያከብዱት ጀመር። በመጨረሻ ግቷ አበጠ፣ ሲነኩት እንደ እሳት ያቃጥላል አሉ። ይህን ጊዜ እማማ ፈገግ አላሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከላም ሥር የኖሩ ሴት ናቸው፤ ያበጠ ግት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

"የከብት ሐኪም አምጣላት እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? ይመግላል እኮ!"

"መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ነው" አሉ አባባ። ይህም ውሸት ነበር።

ያን ሌሊት እማማ ሲገላበጡ አደሩ። ሲነጋ ሾርባቸውን አልነኩም፣ ቀኑንም ስለ ወይዘሮ ግት ሲጠይቁ ዋሉ። ምራቲቱ አባባን ጥጆቹ ጋ ሄዳ ያዘቻቸው።

"አባባ፣ እንንገራቸው። ሐሳብ ሊገድላቸው ነው።"

"ነግረናትስ? ያለሷ ሁሉም ነገር ይሄዳል ብለናት ምን ይዛ ትነሣ?" ብለው አፈጠጡባት። ቀጥሎ ግን ትከሻቸው ወረደ። "እሺ፣ ግቷ ተሻላት እላታለሁ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ዜና እሱ ይሆናል።"

በነጋታው ግን የወተቱ መኪና ከግቢው በር አጠገብ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወተቱ ሳይበላሽ መድረስ አለበትና፣ አባባ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ አካፋ ይዘው ከልጃቸው ጋር ወጡ። ዜናውን ሳይናገሩ።

ምራቲቱ በረት ውስጥ ነበረች። ግንባሯን ከወይዘሮ ጎን አስደግፋ፣ ዝናቡን እየረገመች ታልባለች፤ ወተቱ ቹር ቹር እያለ አረፋው ውስጥ ይሰምጣል። ሳል ሰማች። ቀና ስትል እማማ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። የባላቸውን ካፖርት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበዋል፤ ካፖርቱ ውሃ ይንጠባጠባል። ቦት ጫማቸውን ግራና ቀኙን አዛውረው ነው የተጫሙት።

"እማማ! ምነው ተነሡ? ብርዱ እኮ..."

እማማ ባልዲውን አዩ። ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና የወይዘሮን ግት ዳሰሱት፤ በዚህ በኩል፣ በዚያ በኩል።

"ጤነኛ ነው" አሉ።

"እማማ..."

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትታለብልሽ?"

ምራቲቱ ልትዋሽ ፈልጋ ነበር፤ ባልዲው ግን ከመካከላቸው ቁጭ ብሏል። "ከጥቂት ቀን በኋላ ጀምሮ" አለች። "እርስዎ ከወደቁ።"

"እኔ ደግሞ በጣትሽ ላይ ሳስተምርሽ ከረምኩ" አሉና ሳቅ ቢጤ ሞከራቸው፤ ሳል ሆኖ ቀረ። "እስቲ ተነሽልኝ።"

ተነሣችላቸው። እማማ በርጩማው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ሰደዱ። አንድ ሁለት ቀጭን ክር ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ የዝናቡ ብርድም ገና አልለቀቃቸውም። ወይዘሮ ቆዳዋን አርገፈገፈች፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች፣ አንገቷንም አዙራ ምራቲቱን ፈለገች።

እማማ እጃቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ትችይበታለሽ" አሉ በመጨረሻ።

ምራቲቱ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። አሁን ሲደርሳት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እማማን ደግፋ ወደ አልጋቸው መለሰቻቸው፣ እግራቸውን አሻሸችላቸው፣ ብርድ ልብስ ደራረበችላቸው።

"ለአባባሽ እንዳትነግሪው" አሏት። "ተይው፣ ያውራ። ሌላ ሊነግረኝ የሚችለው ነገር የለውም።"

በመኪናው ምክንያት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑት አባባ ጥቂት ቆይተው ገቡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠውም ቃል የገቡትን ዜና አነበቡ፤ የወይዘሮ ግት ጎድሏል፣ ወተቱን ግን አሁንም ለእማማ ነው ያስቀመጠችው። እማማ "እንዲህ ነው?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባባ መልካም ዜና ያደከማቸው መስሏቸው ቀስ ብለው በሩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ "ቆይ፣ እግሬ ይጥና" አላሉም። ስለ ላሞቹ አልጠየቁም። ስድባቸውም ጠፋ፤ ምራቲቱ አንዴ ሾርባው ላይ ጨው በዝቶባት "ጥሩ ነው፣ ልጄ" ሲሏት፣ በዚያች ቀን ተስፋ ቆረጠች። አባባ በየጠዋቱ እየመጡ ዜናቸውን ያነባሉ፣ እማማም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳምጧቸዋል። ሐኪሙ ተመልሶ መጥቶ ብርድ ደረታቸው ገብቷል አለ። ክረምቱ ሳይወጣ እማማ ሞቱ።

ብርዱ ነው የገደላቸው ወይስ ባልዲው? ምራቲቱ ይህን ለማንም አልጠየቀችም። ለራሷ ግን መላልሳ ጠይቃለች፣ መልሱም ሁልጊዜ ያው፣ ባልዲው ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ላሞቹ እንደ ወትሯቸው ግታቸው በወተት ሞልቶ ይጮሁ ነበር፤ ሐዘን ነው ብሎ የሚነግራቸው የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምራቲቱ እጇን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈች፣ በርጩማውን ሳበች፣ ግንባሯን ከወይዘሮ ጎን አስደገፈች። ለመራገም እንኳ አፍ አልነበራትም። በልቧ ግን ላሚቱን ለመነቻት፤ እባክሽ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ዛሬን ብቻ እምቢ በይ።

ቀና ስትል አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ላም ሲታለብ ሊያዩ መጥተው አያውቁም ነበር። ዛሬ ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ዓይናቸውን ወይዘሮ ላይ ተክለዋል። ምን እንደሚጠብቁ ለምራቲቱ መንገር አላስፈለገም። ያ ሁሉ ያወሩት ነገር ቢያንስ ዛሬ እውነት እንዲሆንላቸው ነበር የሚጠብቁት።

ጣቶቿን ጡቱ ላይ አሳረፈች። ገና ሳትጨምቅ ወተቱ ወረደ። ቹር አለ፣ ደግሞ ቹር አለ፣ ወይዘሮም ዓይኗን ከድና ማመስኳት ጀመረች። አረፋው ከባልዲው ሥር ተነሥቶ እያደገ፣ እያደገ መጣ።

"ዛሬ እንኳ?" አሉ አባባ።

ለላሚቱ ይሁን ለእሷ አላወቀችም። እጇን ልታቆም አሰበች፣ ከአባባ ጋር ልታለቅስ አሰበች፣ እማማ ሁሉንም እንደሚያውቁ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ወተቱ ግን ባልዲው አፍ ደርሶ ነበር።

"አባባ" አለች፣ "ያንን ባዶ ባልዲ ያቀብሉኝ፤ ይህኛው ሞላ።"

አባባ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ጎንበስ ብለው ባልዲውን አነሡና አቀበሏት።