ወደ ግራ ክንፍ የሚመለሰው ነዳጅ

ሰፈሩ አውሮፕላኗን «ዶሮዋ» ነበር የሚላት። ክንፍ አላት፣ አትበርም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደታቀፈች ነው። በጋራዡ በር የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን አስግጎ «ዛሬስ ጣለች?» ሳይል አይሄድም። ሁለቱ ወንድማማቾች አይቀየሙም ነበር። ታላቅየው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ «እንቁላሉ አናታችሁ ላይ ነው የሚወድቀው!» ብሎ ይመልስና ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ታናሽየው፣ ራዲያተር ጠጋኙ፣ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ወሬው ሁሉ ለታላቁ፣ ዝምታው ሁሉ ለታናሹ ደርሶ ነበር የተወለዱት።

ታላቅየው ከሞተ ስምንት ወሩ። ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ፤ ልቡ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ በጋራዡ በር የሚያልፍ ሰው ስለ እንቁላል አይጠይቅም።

ታናሽየው ግን ሥራውን አልተወም፤ እንዲያውም ባሰበት። አብረው የበረራ ፈቃድ አውጥተዋል፣ አብረው ሊበሩባት ነበር። አሁን ሐሙስ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪ መጥቶ ሊያያት፣ ከፈረመላት ደግሞ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስነሣት ነው። የቀረው የመመለሻው ቱቦ ብቻ ነበር።

ዶሮዋ የተገጠመላት ከመኪና የወጣ ሞተር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር አንድ አመል አለው። ፓምፑ ከሚጠጣው በላይ ይልክለታል፤ እሱ የጠገበውን ያህል ጠጥቶ የተረፈውን ይመልሳል። ስለዚህ ነዳጅ የሚያመጣ ቱቦ ብቻውን አይበቃም፤ ትርፉን ወደ ነዳጅ መያዣው፣ ወደ ሰልባትዮው፣ የሚመልስ ሌላ ቱቦ ይፈልጋል። ነዳጅ የሚይዙት ሰልባትዮዎች ሁለት ናቸው፣ በየክንፉ አንዳንድ። አብራሪው አንዲት ቁልፍ እያዞረ ሞተሩን ከቀኙ ወይም ከግራው ያጠጣዋል። የግራውን ክንፍ ከነሰልባትዮው የሠራው ታላቅየው ነው፣ የቀኙን ታናሽየው። በታላቅየው ሰልባትዮ ራስ ላይ በቡሎን የተደፈነ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለ። ለምን እንደተወው ሳይናገር ሞተ።

ታናሽየው ያን ቀዳዳ ሲያይ ደረቱ ሞቀ። «ይኸው፣ አስቦልኝ ነበር» አለ ለራሱ። ቡሎኑን ፈታ። የመመለሻውን ቱቦ ከሞተሩ አንሥቶ፣ በወለሉ ሥር አሳልፎ፣ ወደ ግራው ክንፍ አስገባው። አሥራ አንድ መጋጠሚያ አሰረ፤ የየመጋጠሚያውን ማሰሪያ ዳዶ አንድ በአንድ አጠበቀ።

ማጥበቁ አልከበደውም። የከበደው መፈተሹ ነው። በወንድማማቾቹ ዘንድ አንዲት ሕግ ነበረች፦ ያሰረ አይፈትሽም። አንዱ ያጠበቀውን ዳዶ ሌላው መፍቻ ይዞ ይሞክረዋል፤ እሺ ካለው በቀይ የጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ቱቦው ድረስ አንዲት መስመር ያሰምርበታል። ዳዶው የፀጉር ያህል ቢዞር መስመሯ ትሰበርና ታሳብቃለች። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይል ነበር ታላቅየው፣ ብሩሿን በግራ እጁ ይዞ። ግራኝ ስለነበር የሱ መስመር መጨረሻዋ ላይ እንደ አይጥ ጭራ ትታጠፋለች።

አሁን ፈታሽ የለም። በገዛ ሥራው ላይ ራሱ ቢያሰምር ውሸት መሰለው። አሥራ አንዱንም ባዷቸውን ትቶ፣ በሩን ቆልፎ ሄደ።

ጠዋት ሲከፍት አሥሩ ላይ ቀይ መስመር ነበረባቸው።

አንዷን ነካት። አልደረቀችም፤ ጣቱ ላይ ቀለመች። ጎንበስ ብሎ ሲያያት መጨረሻዋ እንደ አይጥ ጭራ ታጥፏል። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። አሥራ አንደኛው ዳዶ ብቻ፣ የግራው ሰልባትዮ ራስ ላይ ያለው፣ እንደነበረ ባዶ ነው።

የወንድሙ ሚስት ከጋራዡ ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

«እትዬ፣ ጋራዥ ገብተሽ ነበር?»

«ቁልፉ ካንተ ኪስ ወጥቶ ያውቃል እንዴ?» ዞርም አላለች።

«የጥፍር ቀለምሽስ?»

አሁን ዞረች። «የቱ ቀለሜ? ሁለታችሁ ስትዘርፉኝ የኖራችሁት? ስድስት ዓመት የተኳለችው ዶሮዋ ናት እንጂ እኔ መች አማረብኝ!» ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ገባ ብላ ጠርሙሱን አምጥታ ሰጠችው። ቀለሙ ሥሩ ላይ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ክዳኑ ሲፈተል ብሩሹ ተጣብቆ ከውስጥ ቀረ። «እሱ ከሄደ አልተከፈተም» አለች። «ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ምንም።»

«ምንም የሆነ ሰው በጠዋት የጥፍር ቀለም ይጠይቃል?»

ነገራት። አልሳቀችም፣ አላማተበችም። እጇ ላይ የቀረውን እርጥብ ጨርቅ ጨመቀችውና «እሱ እኮ ያየውን ሳይናገር የማያድር ሰው ነበር» አለች።

ታናሽየው ተመልሶ አሥራ አንደኛውን ዳዶ ፈታ፣ አጸዳ፣ እንደገና አጠበቀ። በማግስቱ ባዶ። የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ አፍ አወጣለት፣ አሰረው። በማግስቱም ባዶ። «ምን ጎደለው ጋሼ?» አለ ጮክ ብሎ። «መጥበቁን ጠብቋል። አላላም፣ አላንጠባጠበም። ሞተህም ታስቸግረኛለህ?» ድምፁ ከቆርቆሮው ጣሪያ ተመልሶ መጣበት።

ረቡዕ ጠዋት ሲገባ ቱቦው ተፈትቷል። ዳዶው ክንፉ ላይ፣ በታጠፈ ጨርቅ ውስጥ ተቀምጧል። በቀዳዳው ላይ የጥንቱ ቡሎን ተመልሶ ጠብቋል። ቡሎኑ ላይ ቀይ መስመር አለ።

መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲቆይ ግን ፍርሃቱ ወደ ንዴት ዞረ። በኔ ክንፍ አትግባ ማለቱ ነው አለ በልቡ፤ እሱ ቀርቶ እኔ ልበር በማለቴ ቅር ብሎታል። ዕድሜውን ሙሉ ታላቁን እምቢ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን ቡሎኑን ፈታ፣ ቱቦውን መልሶ አሰረ፣ መፍቻውን ወርውሮ ወጣ።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጣ፤ አንገቱ ላይ ባትሪ ያንጠለጠለ፣ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን መካኒክ። በሆዱ ተኝቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አበራበት።

«ማነው የሚፈትሽልህ ልጄ?»

«ወንድሜ ነው።»

«እጁ ንጹሕ ነው። ይህችን ለምን ዘለላት?»

«አልወደዳትም» አለ፣ ሳያስበው።

«ምኗን?»

«አልነገረኝም።»

«ጥራውና ይንገረን እንጂ።»

«ሞቷል፣ ጌታዬ። ስምንት ወሩ።»

ተቆጣጣሪው ባትሪውን አሥሩ መስመሮች ላይ አንድ በአንድ አሳለፈ። ቱቦው አዲስ ነው፣ አብረቅራቂ፤ አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላውም። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ፈታሹ ያልፈረመበትን እኔም አልፈርምም» አለ። «አውጣትና ሞተሩን አስነሣ።»

ጎማዎቿን አስረው፣ ሁለቱንም ሰልባትዮ ሞልተው አስነሧት። ቁልፉ ወደ ቀኝ ነው። ታናሽየው ውስጥ ተቀምጦ ሁለቱን የነዳጅ ጌጆች ያያል። የቀኙ ወረደ። በጣም ፈጥኖ ወረደ። የግራው ግን ሙሉ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው እጁን እያወናጨፈ ሲሮጥ አየ።

«አጥፋው! አጥፋው!»

ከግራው ክንፍ ሥር፣ ሰልባትዮው ከሚተነፍስባት ቀጭን ቧንቧ፣ ነዳጅ ይወርዳል። ከጋለው የጭስ ማውጫ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ከቀኝ ይጠጣል፣ ትርፉን ወደ ግራ ይተፋል» አለ ሰውየው፣ እያለከለከ። «ግራው ሲሞላበት እሳቱ አጠገብ ይደፋዋል። ነዳጅ መመለስ ያለበት ወደ መጣበት ነው። ዳዶህ ጠብቋል ልጄ፤ ቦታው ነው የተሳሳተ። ቅዳሜ በሰማይ ላይ ትቃጠል ነበር።»

ታናሽየው የግራውን ክንፍ በመዳፉ ደገፍ ብሎ ቆየ። ወንድሙ ያን ቀዳዳ የተወው ለግራው ትርፍ ብቻ ነበር፤ በቀኙም አንድ እንዲበሳ ሳይነግረው ሞት ቀደመው።

ሦስት ሳምንት ሠራ። የራሱን ሰልባትዮ በሳ፣ ሁለተኛ መመለሻ ዘረጋ፣ መውሰጃውንና መመለሻውን ባንድነት የሚያዞር ቁልፍ አስገባ። አሥራ ስምንት መጋጠሚያ። ጠዋት ሲከፍት አሥራ ስምንቱም ላይ ቀይ መስመር፣ አሥራ ስምንቱም ጭራ አላቸው። ተቆጣጣሪው አያቸው፤ ፈረመ።

በተከታዩ ቅዳሜ ከሰፈሩ ውጭ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ነፋስ አልነበረም። እትዬ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«ብቻህን እንዳልሆንክ አውቃለሁ» አለች። «ግን አደራ፣ አትከተለው።»

ተቆጣጣሪው በመስኮቱ አጎነበሰ። «አንድ ሰው ብቻውን በግራ ሲቀመጥባት ወደ ግራ ታጋድላለች። መሪውን ወደ ቀኝ ደገፍ አድርገህ ያዝ።»

ዶሮዋ ተነሣች። መሬቱ እንደ ምንጣፍ ከሥሩ ተሳበ። እንደተባለው መሪውን ወደ ቀኝ ደገፍ ሲያደርግ ወደ ቀኝ ዘመመች። ለቀቅ አደረገው፤ ተስተካከለች። ጨርሶ እጁን አነሣ። ክንፎቿ እንደ ውሃ ልክ ቀጥ አሉ። ሁለት ሰው እንደጫነች፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ።

ወደ ቀኝ አልተመለከተም።

ቁልፉን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያዞረ ሞከረው። የሚመለሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደስ አለው፤ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ማንም ሳይነካት ቀስ ብላ ስትዞር፣ አፍንጫዋን ወደ ሩቁ ጭጋግ ስትመልስ፣ አልጠላውም። ይሁን አለ። ሞተሩ ያንጎራጉራል። ጥቂት እንደዚሁ ሄዱ። ወደ ኋላ ሲያይ ግን ሜዳው የክብሪት ሳጥን አክሏል፤ እትዬ ጭራሽ አትታይም።

መሪውን ያዘ። አልዞር አለ። የግራውና የቀኙ መቀመጫ መሪዎች በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው፤ ሌላው ሰው ሲይዘው እንዲህ ነው የሚከብደው፣ ያውቀዋል።

«ጋሼ» አለ። «እትዬ ሜዳው ላይ ቆማለች።»

ጭጋጉ ቀረበ።

«ሁሌም እኔ ነኝ የምሰማህ። ያቺን ዳዶ ብቻ ነው እምቢ ያልኩህ፤ በዚያም ትክክል አንተ ነበርክ። አሁን አንዴ ስማኝ። እኔ መሄድ አልፈልግም። መመለስ ነው የምፈልገው።»

ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ መሪው በእጁ ውስጥ ቀለለ። ቀለለ ከማለቱ የግራው ክንፍ ቁልቁል ተዘቀዘቀ፤ ከቀኙ መቀመጫ ከባድ ጆንያ ወደ ውጭ የተጣለ ይመስል። በሁለት እጁ ጎትቶ አቃናት። እስከ ሜዳው ድረስ መሪውን ወደ ቀኝ ደግፎ አመጣት። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ከራሱ ጩኸት በቀር ምንም አልሰማም።

ሞተሩ ዝም ሲል ተቆጣጣሪው ሮጦ ደረሰ፤ እትዬ ከኋላው።

«እንዴት ነበረች? አጋደለች?»

ታናሽየው ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ስመለስ ብቻ» አለ።