ሃያ ሦስተኛው ፍሬ

የኃይለሚካኤል ዐይን ግድግዳው ላይ ከተንጠለጠለው ሙስበሃ አልነቀል አለ። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለው ተራ የፕላስቲክ መቁጠሪያ ነው። ከአንዷ ፍሬ ሥር ግን ጥቁር ክር ተቋጥሮበታል፤ ክሩ ደግሞ እሱ የማያውቀው ዓይነት አይደለም። እንግዲህ ምን ይሁን? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልገባውን ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው አይደለም። ሚስቱ ስትቆጣው «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላታል፤ እሷም «ነገረኛም ያደርጋል» ብላ አፉን ታስይዘዋለች።

ወደዚህ ቤት የመጣው ግን ስለ ሙስበሃ ሊጠይቅ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የራጅ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ለዐሥር ቀን ሥልጠና ሳውዲ፣ ደማም ተልኮ ነው። ሊነሳ ሲል ጎረቤቱ ወይዘሮ መታሰቢያ አንድ ፎቶና አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ይዘው መጡ። ልጃቸው ሞላልኝ በየመን በኩል ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ድምፁም ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል። ከሳውዲ ተጠርዞ የተመለሰ አንድ ልጅ ፎቶውን አይቶ «ይኼ ከሚፍታህ ጋር ነበር» ብሎ ስልክ ሰጣቸውና ደወሉ። ሚፍታህ የተባለው ግን «ሞላልኝ የሚባል ሰው አላውቅም፣ እናቴ» አላቸው።

«ካለ ዳቦ ቆሎውን ስጥልኝ» አሉት ኃይለሚካኤልን። «ከሌለም ማን እንደቀበረው ጠይቅልኝ። አፈር ሳይለብስ ሜዳ ላይ ቀርቶ እንዳይሆን ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

ይኸው እንግዲህ በዚያው ስልክ ደውሎ፣ ደማም አጠገብ ቱቅባ በምትባል ከተማ፣ ሚፍታህና ጓደኞቹ ለስድስት በሚከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። የቀሩት ልጆች ሥራ ላይ ናቸው። ሚፍታህ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መኪና ያጥባል፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ጆሮው ይቆማል። ወሬ ከመጀመሩ በፊት ወተት ያለው ሻይና የተቀቀለ ዕንቁላል አቀረበ። ኃይለሚካኤል ብርጭቆውን ይዞ አመነታ። ሚፍታህ አየውና ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው ለካ! እኔን ድንጋይ ያርገኝ!» ብሎ ወተቱን አንስቶ ጥቁር ሻይና ቴምር አመጣ።

«እንዴት አወቅህ?» አለ ኃይለሚካኤል፤ ደማም ከገባ ጀምሮ ማተቡን ከሸሚዙ ሥር ደብቋል።

«የሐርቡ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። ጎረቤቶቻችን ሲጾሙ እናቴ ወጥ በዘይት ትሠራላቸው ነበር።»

ይህን ሲሰማ ኃይለሚካኤል ደፈር አለ። «ያ ክር ምንድን ነው?» አለው ወደ ሙስበሃው እየጠቆመ።

የሚፍታህ ፈገግታ ጠፋ። «የጓደኛዬ ነው። ኑርዲን ይባላል።»

«ኑርዲን ማተብ ያስራል እንዴ?»

ኃይለሚካኤል ፎቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖረው። ሚፍታህ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያም ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ያ ረቢ! ራሱ ነው፣ ኑርዲን! እናትየዋ ሲደውሉ... እኔ ሞላልኝን ከየት ልወቀው፣ ጋሼ? ለመንገዱ ብሎ ስሙን ለውጦ ነበር!»

የሆነውን ነገረው። ሞላልኝን የመን ውስጥ ተቅማጥ ያዘው፤ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ለመጠጥም ውሃ አልነበረም፤ አብረውት የነበሩት በእስላም ደንብ ፊቱንና እጁን በአፈር አብሰው የሬሳ ሰላት ሰገዱበት። ጉድጓድ ሊያስገቡት ልብሱን ሲያስተካክሉ ከሱሪው ጥብጣብ ውስጥ የተሰፋ ጥቁር ክር ወጣ። ሌሎቹ «በቃ፣ ሰግደንበታል» አሉ።

«እኔ ግን አላስቻለኝም። ያቺን የመጨረሻ ውሃ ያጋራኝ እሱ ነው። እኛ አገር ክርስቲያን ሲሞት እስላሙም ይቆፍራል፤ እነሱ ጸሎት ሲያደርሱ ከአጥር ውጭ ቆመን እንሰማለን። እኔ የማውቃት እግዚኦ የምትለዋን ብቻ ነው። ፍቺዋ አቤቱ ነው ብለውኛል። አቤቱ ማለት ለማን ይከለከላል ብዬ በሙስበሃዬ እየቆጠርኩ ጀመርኩለት። ሃያ ሦስት ላይ የሚያሻግረን ደላላ መኪናውን አስነሳ። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ክሩን እዚያው ቋጠርኩት።» ቀና ብሎ አየው። «ስንት ነው የሚባለው፣ ጋሼ?»

«አርባ አንድ» አለ ኃይለሚካኤል።

«ዐሥራ ስምንት ጎሎበታላ! ሁለት ዓመት ሙሉ!»

ኃይለሚካኤል እግዜር ቁጥር አይዝም ሊለው ቃጣው። የልጁን ፊት ሲያይ ግን ዋጠው። አፈር አልብሶታል፤ ሁለት ሃይማኖት አልብሶታል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ዕንባው መጣበት፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

«እናቱ ስልክ ይዘው ተቀምጠዋል» አለ። «ልደውልላቸው።»

«ቆዩ፣ ጋሼ። መጀመሪያ እንጨርስለት። ያኔ ምንም አልጎደለበትም ይበሏቸው።»

ሚፍታህ ሙስበሃውን ከምስማሩ አወረደና ክሩ ያለበትን ፍሬ በሁለት ጣቱ ያዘ። ኃይለሚካኤል የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ማተቡን አወጣ።

«እግዚኦ» አለ። መሐረነ ክርስቶስ ሊል ከንፈሩን አላቀቀና ተወው፤ ልጁ የሚያውቃት ይህችኑ ነው።

«እግዚኦ» አለ ሚፍታህ፤ ሃያ አራተኛዋን ፍሬ አሳለፈ።

ጎረቤት እንዳይሰማቸው በሹክሹክታ፣ አንድ ላይ ቀጠሉ። ከመንገዱ ማዶ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ኃይለሚካኤል ቆም አለ።

«ሰላትህ ደረሰ፣ ልጄ።»

«እሰግዳለሁ።» ሚፍታህ ፍሬዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። «አምስት ቀረችው» አለና ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።