ክንድ ለክታችሁ ቁሙ

ምክትል ርእሰ መምህራችንን ተማሪው «ሰኮንድ» ይለዋል። እኛ አስተማሪዎቹም እንለዋለን፣ እሱ በሌለበት። ጠዋት የግቢውን በር ልክ በሰዓቱ ይዘጋና፣ ውጭ የቀሩትን ልጆች በፍርግርጉ እያየ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያንቃጭላል።

ድሮ ከነዚያ ልጆች አንዷ ታላቅ እህቴ ነበረች። በፈተና ቀን ሦስት ደቂቃ ብታረፍድ ዘጋባት፤ ዓመቱን ደገመች። ባለፈው ምርጫ ደግሞ ከምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ እየሮጠች ስትደርስ፣ ያው ሰው የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ያንኑ በር አፍንጫዋ ላይ ዘጋው። «እኔንና ያንን በር ምን እንዳጣላን እንጃ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቂም ያዝኩበት።

ዘንድሮም ምርጫ ጣቢያው የኛው ትምህርት ቤት፣ አስፈጻሚዎቹም የኛው ሰዎች ሆኑ። ሰኮንድ ኃላፊ። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ከመራጮች መዝገብ ስም ትፈልጋለች፣ እንደ ወትሮው እየተቆጣች። የኬሚስትሪ መምህሩ ጣት ቀለም ይቀባል፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። እኔ የስፖርት መምህርቷ፣ ድምፄ ትልቅ ነው ተብዬ ሰልፍ አስከባሪ ሆንኩ።

ሕጉ አጭር ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰልፍ ላይ ያለ ሁሉ ይመርጣል፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ይመለሳል። አንድ አስፈጻሚ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይቆምና፣ ሌላ እንዳይገባ እስከ ሳጥኑ ድረስ ይከተለዋል። «እሱን ሥራ ለኔ ተዉት» አለ ሰኮንድ ገና በጠዋቱ፣ እጁን እያፋተገ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ደወለች።

«ተረኛዋ ዘግይታብኝ አሁን ገና አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ደግሞ ተዘጋግቷል። ተይው፣ ዘንድሮም አልሆነልኝም።»

«እትዬ፣ አውቶቡስሽ እኛ በር ላይ አይደል የሚያቆመው?»

«አለፍ ብሎ ነው እንጂ፣ አጥሩ ማለቂያ ላይ። ምነው?»

«ምንም። ብቻ ስትወርጂ እንዳትሮጪ፣ ጉልበትሽን ታውቂዋለሽ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

ግቢው ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሰው ድምፅ መስጫው ክፍል በር ላይ ተጠጋግቶ ይገፋፋል። ፊሽካዬን ነፋሁ።

«ምን ዓይነት ሰልፍ ነው ይሄ? እጅ ወደፊት! ክንድ ለክታችሁ ቁሙ!»

ግማሹ ሰው እዚሁ የተማረ ነው። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሳያስበው እጁን ዘረጋ። ከኋላው ያለችው ነርስ ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ዘረጋች። እዚህ ያልተማሩትም ሰው ሲያደርግ አይተው ዘረጉ። ሰልፉ እየተለቀቀ፣ እየተለቀቀ ከግቢው ወጣ፤ አጥሩን ተከትሎ ሄደ። እኔም ጎን ጎኑን እየሮጥኩ፣ ክንዱን የሚያጥፍ ሳገኝ «አትስነፍ!» እላለሁ።

ሰኮንድ ከክፍሉ ሲወጣ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሰልፍ ነው፣ መምህር።»

«መንገድ ላይ ምን ይሠራል?»

«ክንድ ያልተለካበት ሰልፍ ሰልፍ አይባልም ብለው የአስተማሪዎች ክፍል ግድግዳ ላይ የለጠፉት እርስዎ አይደሉ? ያውም በማኅተም?»

ሰዓቱን አየ። ለአሥራ ሁለት ስድስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ከመጨረሻው ሰው ኋላ መቆም ስላለበት፣ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተያያዘው። እኔም ደስ እያለኝ ተከተልኩት።

የመጨረሻው ሰው አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። አጥሩ ማለቂያ ላይ፣ ልክ አውቶቡሱ የሚያቆምበት ቦታ ቆሟል። አንድ ደቂቃ ሲቀር አውቶቡስ የለም። እውነቱን ልናገር፣ ዕንባዬ መጣ። ይህን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ በትኜ በከንቱ ሊሆን ነው።

«አርባ ሰኮንድ» አለ ሰኮንድ፣ እየጣመው።

አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

«ሃያ።»

ቆመ። በሩ ተከፈተ። እህቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጉልበቷን ይዛ ወረደች። ከአውቶቡሱ ደረጃ እስከ ቀለም ቀቢው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። እጇን ዘርግታ ትከሻውን ነካች።

«ሦስት» አለ ሰኮንድና ቀና ብሎ አያት። እንዳወቃት ገባኝ። «አርፍደ…» ብሎ ጀመረ፣ ከልማድ። ሰዓቱን ደግሞ አየና ዋጠው።

ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ከኋላዋ መቆም እንጂ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ እህቴ አንድ እርምጃ፣ ሰኮንድም አንድ እርምጃ። ስልሳ ሰው እስኪመርጥ አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ተከተላት።

የግቢው በር ጋ ሲደርሱ እህቴ ቆም አለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ላይ ታች አየችው፤ አልቸኮለችም። ሰኮንድ አላስችል ብሎት ጠጋ አለ።

ዘወር አለችና «መምህር» አለችው፣ በትሕትና፣ «በጣም ተጠጉኝ። ክንድዎን ይለኩ እንጂ።»

ሰኮንድ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሰና እጁን ዘረጋ።