ሁለተኛው ቆጣሪ

ታላቅየው ሞተሩን ቀይሯል፤ ገመዱንም፣ የኃይል ሳጥኑንም ቀይሯል። ለሕመምተኛ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጠው ማሽን ግን ደንታም አልሰጠው፤ ማንቂያው ጢጥ ጢጥ ባለ ቁጥር ጠብታው ጠብታ መሆኑ ይቀርና ይንዠቀዠቃል። ድካሙ አጥንቱ ድረስ ዘልቆታል።

ሞተሩን የሚያዘውን ኮድ የጻፈው እሱ ነው፤ የማንቂያውን ደግሞ ከኋላው የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ። በአንድ ክፍል ሆድና ጀርባ ሆነው መሥራት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ጠባቸው በእናታቸው ነው። ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር አትችልም ብሏል። ታላቅየው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አራት ልጆች አጭቋል፤ ታናሽየው ገና ሙሽራ ነኝ ይላል። አንዳቸውም አልዋሹም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ታናሽየው «ጋሼ» ማለቱን ትቶ ወንድሙን አንቱ ይለዋል። ይኼ ከስድብ ይብሳል።

ከሰዓት በኋላ ታላቅየው ተስፋ ቆርጦ ማንቂያውን ከነጭራሹ አጠፋው። ጠብታው ልክ ገባ። መልሶ ሲያበራው ተንዠቀዠቀ። ያኔ የወንድሙን ኮድ ከፍቶ አነበበ። ማሽኑን የሚመራው ቺፕ ላይ ጊዜ የሚለኩ ስድስት ቆጣሪዎች አሉ፤ ሁለቱም ወንድማማቾች ሁለተኛውን ይዘዋል። አንዱ ለሞተሩ ያስተካከለውን ፍጥነት ሌላው ለጩኸቱ ሲል ይለውጥበታል። ድሮ ቢሆን ከወንበር ሳይነሡ «ሁለተኛውን ይዣለሁ» ብሎ መጮህ ይበቃ ነበር። ኩርፊያቸው ማሽኑ ድረስ መግባቱ አሳፈረው።

ዞሮ ነገረው። ታናሽየው ስክሪኑን አየና ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ልልቀቀው» አለ።

ታላቅየው የለም እኔ ልልቀቅ አለ። ትርፍ ቆጣሪ ሞልቶ ሳለ መቸር ማንን ይገድላል!

ሊሳሳቁ ምንም ሳይቀራቸው ስልክ ጠራ፤ ታላቅየው ስፒከሩን ከፍቶ አነሣው። የሆስፒታሉ ነርስ ናት። እናታቸው ከጠዋት ጀምሮ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ተቀምጣለች፤ መውጫዋ ዛሬ መሆኑ ደግሞ ለሁለቱም ተነግሯቸዋል። እያንዳንዱ ሌላው ወስዷታል ብሎ አስቦ ነበር። አንዱም ሌላውን አልጠየቀም።

ታላቅየው ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት ነርሷ ቀደመችው።

«ኧረ እሳቸው አልተቀየሙም። ልጆቼ እኔ ልውሰዳት፣ እኔ ልውሰዳት ተባብለው ተጣልተው ነው የዘገዩት እያሉን ነው።»

ታላቅየው የመኪናውን ቁልፍ አነሣ፤ ታናሽየው ተከተለው። ደረጃውን ሲወርዱ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።