የማይቴ ስምንት ቁራጮች

ማይቴ የኩቤክን ክረምት ግማሹን ያሳለፈችው ላቦራቶሪ ውስጥ መስታወት ስታጣብቅ ነው። እንደ ኬክ የተቆረጡ ስምንት ቀጫጭን ቁራጮች ጎን ለጎን ገጥመው አንድ ክብ ሆነዋል። ተራ የሌዘር ጨረር ሲገባባቸው ንዝረቱ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ሲወጣ ግን እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ከመሀል ወደ ዳር መበተን አለበት። ያ ካልሆነ ጠረጴዛዋ ዛሬውኑ ይፈርሳል። ፕሮፌሰር ቡልያን ተገዝቶ የመጣውን ዝግጁ መስታወት ለባልደረባዋ ለሉዶቪክ ሰጥተውታል፤ የቀረው የሚተከልበት ቦታ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ መሀሉ የጨለመ የብርሃን ቀለበት ይታያል።

"እንዴት ነው፣ ቦምቦሊኖሽ በሰለ?" አለ ሉዶቪክ፣ እጁን ኪሱ እንደከተተ።

"ና ብላ ያለህ የለም።"

"ቀለበትማ ማንም ይሠራል" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ማጣሪያውን አምጪ።"

የሚያናድደው ልክ መሆናቸው ነው። እዚህ ቤት ቀለበት ምስክር አይሆንም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ ጨረሩ ፊት ሲቆም፣ ከላይና ከታች ብቻ ብርሃን ከታየ ማይቴ ረታች። አቆመችው። ቀለበቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ብርሃኑ የታየው ግን በግራና በቀኝ ነበር።

"ዙሪያውን ነው የሚነዝረው!" ሳቀ ሉዶቪክ። "ጎማው አለ፣ ሽቦው የለም።"

"በቃ ልጄ" አሉ ፕሮፌሰሩ። "በእጅ የሚሆን ነገር አይደለም ብዬሽ ነበር። አፍርሺው።"

የማይቴ ደም ፈላ። "አላፈርስም።"

"ምን አልሽ?"

"አላፈርስም! ቁራጮቹ ቢበላሹ ኖሮ ብርሃኑ ተዘበራርቆ ይወጣ ነበር። ይሄ ግን ጥርት ብሎ ነው የተሳሳተው። ጥርት ብሎ የሚሳሳት ነገር ምክንያቱ አንድ ነው።"

"ምሳ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፣ ማይቴ" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ይጠብቅ!"

ዓይኗ ጠረጴዛውን ዳሰሰና ሌዘሩ ላይ ተተከለ። ትናንት የጠረጴዛው ሽፋን የሌዘሩን ገመድ ሲጫንባት ጊዜ፣ ሌዘሩን ፈትታ በጎኑ አጋድማ አስራዋለች። ሌዘር ሲጋደም ንዝረቱም አብሮት ይዞራል። ጥፋቱ የራሷ ነው። ፊቷ ቀላ፤ ቢሆንም ቁራጮቿ አልዋሹም፤ የተሰጣቸውን ነው የመለሱት። ሌዘሩን አሁን ብትፈታው ጨረሩ መስመሩን ይስታል። ስለዚህ ንዝረትን የሚያዞር አንድ ሙሉ መስታወት ከመሳቢያ አወጣችና ከቁራጮቿ ፊት ተከለች። ቀስ እያለች አዞረችው። ሁለቱ የብርሃን ጉንጮች ከግራና ከቀኝ ተነሡ፤ ዞረው ዞረው ከላይና ከታች ቆሙ።

ሉዶቪክ እጁን ከኪሱ አወጣ። ፕሮፌሰሩ ማጣሪያውን ራሳቸው ያዙት። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ብርሃኑ ተከተላቸው፤ ወደ ግራም ተከተላቸው።

"እሺ፣ ሆኗል" አሉ ማጣሪያውን እንደነበረ መልሰው። "ያም ሆኖ፣ ሉዶቪክ ለሥራው የሚያስፈልገው ዙሪያውን የሚነዝረው ነው። ጠረጴዛውን ብትለቂለት…"

ማይቴ የሚያዞረውን መስታወት በአንድ ጣት መለስ አደረገችው። ብርሃኑ ወደ ግራና ቀኝ ሄደ።

"ይኸው የሉዶቪክ።" እንደገና አዞረችው። "ይኸው የኔ። የቱን ነው የማፈርስልዎ?"