የነጂባ ድሪ

እትዬ ጠይባ ድሪውን ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት የጥርኝ ሽታ የብር ሥራ ሱቄን ሞላው። ብሩ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። መሃሉ ላይ ጫፉ በሰም የተደፈነ የብር ክታብ ተንጠልጥሏል።

«የሟች እህቴ የነጂባ ነው፤ አላህ ይማራት» አሉ። «ይቺ ልጇ ሲሃም እሁድ ሰኮሩ ከተማ ትዳራለች። እንዲያበራ አድርገህ እጠብልኝ። ክታቡንም ክፈትና ውስጡ ያለውን ጥርኝ ጣለው።»

ሲሃም ከኋላቸው ቆማ ወለሉን ታያለች።

«ሽታው ምን አደረገዎት?» አልኩ። እንግዳ ሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ይህ ግን አመለጠኝ።

«ምን አደረገዎት ይለኛል! ድሪው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሽታው ጓዳ ለጓዳ ይዞራል። የዐስር ሰላት ሲቃረብ ይመጣል፤ ይቺ ልጅ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እሷም ‹እማዬን ትቼ አልሄድም› እያለች የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ስትመልስ ኖረች። አሁን በስንት ልመና እሺ ብላለች። የሙት ሽታ አንገቷ ላይ አስራ ባል ቤት አትገባም!»

እትዬ ጠይባ ሒና ሊገዙ ወደ መርካቶ ሄዱ። ሲሃም ግድግዳው ሥር ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ውጩን ብቻ እጠበው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ክታቡን አትክፈተው፤ በአላህ።»

«ሳልከፍተው ባጥበው ውሃ ይገባል። ጥርኙን የያዘው ጥጥ ይሻግትና ብሩን መልሶ ያጠቁረዋል።»

ክታቡን በጣቷ ዳሰሰችው።

«የእማዬ ፊት እየጠፋብኝ ነው። ፎቶዋ እንኳ ሌላ ሰው ይመስለኛል። የቀረኝ ሽታዋ ብቻ ነው።» ከዚያ ቀና አለች። «ግን እስከ መቼ ጓዳ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ? የማገባው ሙርሺድ ጥሩ ሰው ነው። በቃ፣ እያየሁ ክፈተው።»

ሰሙን በሻማ አሙቄ ክዳኑን ሳብኩት። ዘቅዝቄ ነካ ነካ አደረግሁት፤ ምንም አልወጣም። ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። ውስጡ ነጭ ብር ነው፤ ጥጥም ጥርኝም ገብቶበት የሚያውቅ አይመስልም። ሽታው ግን አፍንጫዬ ሥር ነበር።

«ባዶ ነው» አልኳት።

አልደነገጠችም። «ቀስ ብለህ እጠብ» አለች፤ ሕፃን እንደማጥብ ሁሉ።

ድሪውን የእንዶድ አረፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ሎሚ ጨመቅሁበት። እንክብሎቹን አንድ በአንድ በለስላሳ ብሩሽ ፈተግሁ። በተቀረጸበት የሐረግ ጌጥ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ጥቁር ግን አልነካሁትም፤ እሱ ከወጣ ቅርጹ አይታይም። የጠቆረውን ውሃ ደፍቼ ድሪውን ሰጋቱራ ውስጥ እያገላበጥኩ አደረቅሁት። ነጭ ሆኖ ወጣ።

ሲሃም አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ደጋግማ ሳበች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሄደች» አለች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ሲፈታ አየሁ።

እኔ ግን ከበፊቱ የባሰ ይሸተኝ ነበር። ከድሪው አይደለም። ከእሷ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል ነው የሚመጣው። ብነግራት እሁድ አትሄድም። ብደብቃት ደግሞ እናቷን ደበቅኋት ማለት ነው። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ጠይባ በሩ ላይ ደረሱ። አንድ እግራቸውን እንዳስገቡ ቆሙ። አየሩን ሳቡት፤ ሲሃምን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጨሊሲ!» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ምኑን ነው ዝም የሚለው?» አለች ሲሃም።

«ዋጋውን ነዋ! ሙሽራ ፊት ዋጋ ይጠራል እንዴ? ሂጂ፣ ባጃጁ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ እየጠበቀችሽ ነው፤ እኔ እደርስብሻለሁ።»

ሲሃም ድሪውን አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣች። ከባጃጅ ነጂው ጋር ስትሳሳቅ ሰማናት፤ ከዚያ ድምፅዋ ራቀ። እትዬ ጠይባ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ክታቡ ውስጥ ብዙ ጥርኝ ነበረ?»

«ባዶ ነበር፣ እትዬ።»

«ሱብሐነላህ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ድምፃቸው ለሰለሰ። «አልሸተትሻትም አይደል? ጎሽ፣ ነጂባ። ጎሽ፣ እህቴ።»

ሰው የተቀመጠበት ይመስል በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። አጠገቡ፣ ሰጋቱራ የፈሰሰበት ወለል ላይ ቁጭ አሉ።

«አንተ ሥራህን ሥራ» አሉኝ። «ልጇን የሸኘች ሰው ብቻዋን አትቀመጥም።»